አራት ጣሳ

ልጄ ይበልጣል ሊማር ባሕር ዳር ሲሄድ፣
አንድ ኩሬ ትቶ ሄደ እኔው ዘንድ፤
መስታወት ነው ኩሬው፤ ከስፌት መኪናዬ
ፊት ለፊት የቆመ፣ አዲሱ እንግዳዬ።
ሰባት ናቸው ዓሦች። ስም አላወጣሁም።
ስም ያወጡለት ሲሞት፣ ሐዘን አልችልም።
አንዷን ግን፣ ቀይዋን፣ ጭራዋ እንደ ጥለት፣
ሻሼ እላታለሁ፣ ሰው በሌለበት።

በሐምሌ፣ ዳንግላ ጉም ለብሳ ስትውል፣
ጭቃው ግድግዳዬ ርሶ ላብ ላብ ሲል፣
ከመስኮቱ ሥንጥቅ አንድ ቀጭን መስመር፣
ማን እንደ ሰፋው እንጃ፣ የጥቁር ክር ድርድር፣
ቁልቁል ወርዶ ዞሮ፣ በጠረጴዛው እግር
ሽቅብ ይወጣ ጀመር።

ጉንዳን ነው።
እኔ ጨርቅ ስለካ እሱ ቤቴን ይለካል፤
ትናንት ጥግ ነበረ፣ ዛሬ ክዳኑ ላይ ደርሷል።

ዋርሳዬ ስንሻው ፍሊት ይዞ መጣ፤
«ንፋው» አለኝ፣ «ንፋው፣ ዘሩ እስኪታጣ!»
ጣቴን ጫን ልል ስል፣ ያቺ ትንሽ ሞተር
ቡል ቡል ቡል ትላለች ከውሃው ጋር ስታወራ፤
ለካ የቤቱን አየር ስባ ለዓሦቹ ታጠጣለች፤
ፍሊት ብነፋበት፣ ምን ለይታ ታውቃለች?
መለስሁለት። ስንሻው ከንፈሩን መጦ ሄደ፤
«ዓሣ ጠብሶ እንደ መብላት! ይኸ ሰው አበደ!»

ይበልጣል ጋ ደወልሁ። መስመሩ ይቆራረጣል፤
«አባ... መርዝ... እንዳትነካ...» ይልና ይጠፋል።

አንማው ንብ ያረባል፤ ከታች ነው አጥሩ።
«ጉንዳን ቀፎ ሲወር» አለኝ፣ «ያው ነው ነገሩ፤
ከእግሩ ሥር አመድ ነስንስ።» ነሰነስሁ።
ሌሊት ነፋስ ገብቶ፣ ጧት ስነሣ አየሁ፣
ውሃው ፊቱ ላይ ስስ ግራጫ ሻሽ ጥሏል።
ለቀፎ የሚበጅ ለዓሣ መች ይሆናል?
አመዱን ጠረግሁ፤ እሩቡን ውሃ ቀዳሁ፤
አድሮ የሰከነ ውሃ በጆግ ቀስ ብዬ ተካሁ።
ለአንማው አልነገርሁም። ደግ ሰው ነው።

ከዚያ ጣሳ መጣልኝ ወደ ሐሳቤ።
ጠረጴዛው አራት እግር፤ ሦስት የድልህ ጣሳ፣
አንዱ ጎደለና ዓይኔ ቆጥ ላይ ሲያስስ፣ ያች አሮጌ ጣሳ!
የወተት ዱቄት ነበረች፤ እናቱ ስትሄድብኝ
ይበልጣልን ያሳደግሁባት። ዛሬ ቁልፍ ታስቀምጥልኛለች፣
የሸሚዝ፣ የካፖርት፣ ጥንድ የሌለው ሁሉ።
ቁልፉን ሳህን ላይ ገለበጥሁ ሙሉ።

ለማንሣት ሰው ቢጠፋ ስንሻውን ጠራሁ።
እያጉረመረመ፣ ግማሹ ውሃ ተቀድቶ፣
እሱ በዚያ እኔ በዚህ፣ እግሩን አንድ በአንድ
ጣሳ ውስጥ አቆምነው። በየጣሳው ውሃ፣
በውሃው ጠብታ ሳሙና፤
ሳሙናው ለጣሳው ብቻ ነውና
እጄን ሦስቴ ታጠብሁ፣ ዓሦቹ ጋ ሳልደርስ።
የመጡበትን መንገድ በአቼቶ ጨርቅ ወለወልሁ፤
ሽታ ነው ካርታቸው፤ ካርታቸውን አጠፋሁ።

ጧት ነው። ክዳኑ ላይ ናቸው።

ተቀመጥሁና እንደ ልጅ ተከተልሁ መስመሩን፣
ከውሃ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ግድግዳ።
ገመዱ! የመብራቱ ገመድ! ለሞተሩ ብዬ
ራሴ የዘረጋሁት ድልድይ፤
አራት በር ዘግቼ አምስተኛውን ራሴ ከፍቼ ኖሯል።
ሶኬቱን ነቅዬ፣ ከግድግዳው በኩል ያለውን፣
ከውሃ ርቆ የሚያልፈውን፣
ስንዝር ያህል በቫዝሊን ቀባሁት።

ሌላም ነገር አየሁ፣ ስንበረከክ ያኔ፤
ጠረጴዛው ሥር የዓሣ ምግብ፣ የሰኔ
እስከ ሐምሌ ፍርፋሪ። ጣቴ ይንቀጠቀጣል፤
ግማሹ ለሻሼ፣ ግማሹ መሬት ይወድቃል።
ክር ማስገባት ካቃተኝም ሁለት ዓመት አልፎኛል፤
ለማንም አላልሁም። ጉንዳን ግን ያውቃል፤
በየማታው እኔው ስጠራው መጥቷል።

አሁን በማንኪያ ነው የምመግባቸው።

አንዳንድ ሌሊት አንዱ፣ መንገድ የሳተ፣
ጣሳው ጠርዝ ላይ ቆሞ ቀንዱን እያሸተ፣
ያያል ወደ ውሃው። አልነካውም። ይመለሳል።

«የቁልፉ ጣሳስ?» ሲሉኝ ደንበኞቼ፣
«ሥራ ይዛለች» እላለሁ፣ ወደ እግሩ አይቼ።